የጨንቻው የመዋኛ ልብስ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ የሚያገኙኝ ሴቶች፣ «ዘነበች፣ ለመሆኑ ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ተራራ ላይ ምን ነበር የምትሠሪው?» ይሉኛል። «ውሃ አለብስ ነበር» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። አንዷ የሙዝ ነጋዴማ ጠጋ ብላ፣ «ጤናሽ ደህና ነው? በጡረታ ነው ወይስ በሕመም ነው ያሰናበቱሽ?» ብላ ጠይቃኛለች። እኔ ግን እውነቴን ነው። ማታ ማታ የመዋኛ ገንዳ አለብስ፣ ጠዋት ጠዋት እገልጥ ነበር። በዚህ ሥራ ልጆቼን አሳድጌአለሁ፣ ጸጉሬንም አሸብቻለሁ። ዋና ግን አልችልም።

ሥራ የጀመርኩት እዚያው ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር በነበረው የአቶ ሸምሱ ሆቴል፣ ልብስ አጣቢና ተኳሽ ሆኜ ነው። ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ይመስለኛል። አቶ ሸምሱ በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው ሲቀላ ላይ ብርጭቆና ሳህን በጅምላ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሆቴል የሠሩት፣ እንደሚናገሩት፣ «ብርጭቆዬን የሚገዛኝ ሳጣ ራሴ ልጠጣበት ብዬ» ነው። ደሞዙ ብዙ አልነበረም፤ ግን አንድም ወር ቀርቶ አያውቅም።

የሆቴሉ ገንዳ ኃላፊ ጋሽ አንጁሎ ይባላሉ። ገንዳ ከመያዛቸው በፊት አባያ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። አንድ ቀን ረዳታቸው ሥራ ለቆ ሄደና ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል መጡ። በሩ ላይ ቆመው፣

«ከእናንተ ውስጥ ውሃ የሚፈራ ማነው?» አሉ።

እኔ እውነት መናገር ስለለመደብኝ እጄን አወጣሁ።

«ይሄ ይምጣልኝ» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። «የማይፈራ ሰው ሙቀት ሲሆን ይዋኛል፣ ሥራ አይሠራም።»

ጋሽ አንጁሎ በአማርኛ ሴትና ወንድ አይለዩም። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው፤ እኔም እንደዚያው፣ ግን እኔ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። እኔን «አንተ» ይሉኛል፣ የውሃ ፓምፑን «አንቺ»። ጠዋት ሲመጡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ፓምፑን ነው። ጀርባዋን መታ መታ አድርገው፣ «ሳሮ! ደህና አደርሽ?» ይሏታል። ከዚያ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ገንዳው ዳር ቁጭ ብለው እጅጌያቸውን ይሰበስቡና ክርናቸውን ውሃው ውስጥ ይከታሉ። ለምን በእጃቸው እንደማይነኩት ጠየቅኋቸው።

«እጅ ይዋሻል» አሉኝ። «እጅ ስንት ነገር ነክቶ ደንዝዟል። ክርን ግን እንደ ሕፃን ነው። ሲበርደው ወዲያው ይናገራል።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። እንግዳ መጥቶ፣ «ውሃው ይቀዘቅዛል?» ሲላቸው፣ «አይ፣ ያነቃል» ይላሉ። «ይቀዘቅዛል» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አልሰማሁም። አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ስለሚያግዛቸው ውሸታም አልተባሉም።

ችግር የመጣው አቶ ሸምሱ ጨንቻ ላይ ማረፊያ ሲሠሩ ነው። ፈረንጆች የዶርዜን የቀርከሃ ቤትና የሸማ ሥራ ለማየት ተራራውን ሲወጡ አዩና፣ «እዚያ ወጥተው ማደሪያ ካገኙ ማን ያወርዳቸዋል?» አሉ። ማደሪያው ደግ ሐሳብ ነበር። ገንዳውን ግን ማን እንደመከራቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጨንቻን ለማያውቅ ልንገር። እኛ ሲቀላ ላይ በላብ ስንጠመቅ ጨንቻ ላይ ሰው ጋቢ ደርቦ እሳት ይሞቃል። ጉሙ ሲወርድ ጎረቤትህን በድምፁ ነው የምታውቀው። እዚያ ነው ገንዳ የተቆፈረው፤ ጋሽ አንጁሎና እኔም እዚያ ተመደብን።

የመጀመሪያው ዋናተኛ ግዙፍ ፈረንጅ ነበር። በአስጎብኚው በኩል አስጠየቀ።

«ውሃው ይቀዘቅዛል ወይ ይላል።»

ጋሽ አንጁሎ ክርናቸውን ከውሃው አወጡ። ክርናቸው ቀልቶ ነበር። ጥቂት አሰቡና፣ «በጣም ያነቃል» አሉ።

ሰውየው ዘለለ። ሲወጣ አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለውም። ደረጃውን ትቶ በግድግዳው በኩል ነው የወጣው። ብርድ ልብስ ደራርበንለት፣ ምድጃ አጠገብ አስቀምጠነው፣ ድምፁ የተመለሰው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። የተናገረውን አስጎብኚው ሊተረጉምልን አልፈለገም።

አቶ ሸምሱ ይህን ሲሰሙ ሕይወት የምትባል መሐንዲስ አመጡ። የወሎ ልጅ ናት፤ አርባ ምንጭ ውሃ ምሕንድስና ተምራ ጨርሳ እዚያው ሥራ የጀመረች፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነገር የማታወሳስብ ልጅ። ጣሪያው ላይ ጥቁር ቱቦ አጠማዝዛ ዘረጋች። ውሃው በፓምፕ እየወጣ በፀሐይ ሞቆ ይመለሳል። ቀን ላይ ሠራ። ጠዋት ግን ውሃው ተመልሶ እንደነበረው ነው።

ሕይወት ገንዳው ዳር ቆማ ከውሃው ላይ የሚነሣውን እንፋሎት አሳየችን። «ሙቀቱ እየሄደ ያለው በዚህ ነው» አለች። «ቀን ያስገባነውን ሌሊት በላዩ በኩል ይበትነዋል። ክዳን ያስፈልገዋል። እንደ ድስት።»

«ድስት ከሥሩ እሳት አለ» አሉ ጋሽ አንጁሎ። «የዚህ እሳት የት አለ?»

«እሳቱማ ቀን ነበር ጋሼ። አሁን የተረፈውን ነው የምንጠብቀው።»

አላመኑም። እሷም አልተከራከረችም። ከወጥ ቤት ሁለት ሳፋ አስመጣች፣ ከአንድ ጀበና የፈላ ውሃ እያደባለቀች ሁለቱንም እኩል ሞላች፣ አንዱን በላስቲክ ሸፈነች። እኛ ቅጠል ስንለቅም ቆይተን ተመለስን። ጋሽ አንጁሎ እጅጌያቸውን ሰብስበው አንዱን ክርን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ከተቱ። እንደዚያ ተንበርክከው ብዙ ቆዩ። ሲነሡ፣

«ኢንጂነር ልክ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕይወት የተናገረችውን ሁሉ ሳይከራከሩ ይሠሩ ነበር።

አሁን ክዳኑን ማግኘት ነው። አቶ ሸምሱ፣ «ይሄማ ቀላል ነው» ብለው አዲስ አበባ ላለ ደንበኛቸው እፊታችን ስልክ ደወሉ። ያን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«የመዋኛ ልብስ እፈልጋለሁ። አዎ፣ የመዋኛ። … ስንት ቁጥር? ወላሂ ቁጥሩን አላውቀውም፣ ትልቁን ላክልኝ። ካለህ ሁሉ የሚበልጠውን። … ቀለም? ሰማያዊ ይሁን፣ ከውሃው ጋር ይሄዳል። … አንድ አይበቃም፣ ቢቀደድስ? በካርቶን አድርገው!»

ሕይወት ጣቷን አንሥታ የሆነ ነገር ልትናገር ነበር። ስልኩ ተዘጋ።

ካርቶኑ በአውቶቡስ መጣ። አቶ ሸምሱ ራሳቸው ጨንቻ ድረስ ይዘውት ወጡና ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ እንዲያይ አደረጉ። በቢላ ከፈቱት። ከላይ ያለውን አንሥተው ዘረጉት። የሴት የዋና ልብስ ነው። ሰማያዊ፣ ደረቱ ላይ ነጭ አበባ ያለበት፣ ስፋቱ ሁለት ሴት የሚይዝ። ሥሩም ሌላ፣ ሥሩም ሌላ። አቶ ሸምሱ በሁለት እጃቸው እንደዘረጉት ወደ ገንዳው አዩ፣ ተመልሰው ልብሱን አዩ።

«ይሄ ገንዳውን አይሸፍንም» አሉ።

«እንኳን ገንዳ፣ ሰውም አይሸፍንም» አሉ ጋሽ አንጁሎ።

አቶ ሸምሱ ነጋዴ ናቸው፤ ዕቃ አይጥሉም። ወስደው ሲቀላ ሱቃቸው በር ላይ ሰቀሉት። ማን ይገዛዋል ስንል በሳምንቱ አለቀ። ምሥጢሩን ያወቅሁት ሙዝ ወደሚበቅልበት ወደ ጫኖ ለለቅሶ ስሄድ ነው። በመንገዱ ዳር ያሉ የሙዝ ዘለላዎች ከወፍና ከተባይ እንዲጠበቁ ሰማያዊ የዋና ልብስ ለብሰዋል፤ አበባው ደረታቸው ላይ ነው። ለቅሶ ቤት የገባሁት አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር። ሰዎቹ በጣም ያዘንኩ መስሏቸው ደግፈው አስቀመጡኝ።

ክዳኑን በኋላ እኛው ሠራነው። የአቶ ሸምሱ መጋዘን ብርጭቆ ተጠቅልሎ የሚመጣበት፣ ትንንሽ ፊኛ ፊኛ ያለበት ላስቲክ ሞልቶት ነበር። ሕይወት ስታየው ዘለለች። «የተዘጋ አየር ሙቀት አያሳልፍም፣ ይሄ ራሱ ነው» አለች። ፊኛው ወደ ውሃው፣ ልሙጡ ወደ ሰማይ። ግን ላስቲኩ ጠባብ ጠባብ ነው፤ መጋጠም አለበት። በመርፌ ብንሰፋው ውሃ ይገባበታል። እዚህ ላይ ነው የእኔ ሙያ የተፈለገው፣ የከሰል ካውያዬ።

ሁለቱን ጠርዞች ደራርቤ፣ በላያቸው ጋዜጣ አነጥፌ፣ በካውያ እሄድበታለሁ። ካውያው ከጋለ ላስቲኩ ይበሳል፤ ከበረደ አይያያዝም። መለኪያዬ የውሃ ጠብታ ነበር። ጠብታው ካውያው ላይ እየዘለለ ከሸሸ ካውያው በጣም ግሏል፣ ይቆይ። ቁጭ ብሎ ከተንጨረጨረ ልክ ነው። እንዲህ እያልኩ በጋውን ሙሉ ገጠምኩት። የመገጣጠሚያውን ጠባይም በደንብ አወቅሁት። ከግራና ከቀኝ ብትወጥረው በሬ አይበጥሰውም። ከጫፉ ይዘህ ወደ ላይ ብትልጠው ግን እንደ ሙዝ ልጣጭ ይከፈታል።

ትልቁ ጠላታችን ብርድ ሳይሆን የሰው ጣት ሆነ። ያን ፊኛ ያየ ሁሉ ማፈንዳት ያምረዋል። ዘበኛችን ኩሳ ዱላውን አስደግፎ ከክዳኑ ጫፍ አጠገብ ቁጭ ይልና ጧ፣ ጧ፣ ጧ ያደርጋል። ጋሽ አንጁሎ ከሩቅ ይጮኻሉ፤

«አንቺ ኩሳ! የእንግዳ ሙቀት ነው የምትገድያት!»

አንድ ቀን ያው ድምፅ ሰምተው በቁጣ ሄዱ። ኩሳ ግን በር ላይ ነበር። ገንዳው ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው ስልክ ይዘው በሌላው ፊኛ የሚያፈነዱት አቶ ሸምሱ ናቸው። ጋሽ አንጁሎ ትንሽ ቆመው አዩአቸውና በጣም በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ ብርጭቆ እንዳይሰበር ያመጡትን እርስዎ ሰበሩት» አሏቸው። አቶ ሸምሱ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ክዳኑ ግን ሠራ። ጠዋት ጠዋት እኔና ጋሽ አንጁሎ በወፍራም ቀርከሃ ላይ እየጠቀለልን እንገልጠዋለን። መጀመሪያ ጤዛውን እንጠርጋለን፤ አለበለዚያ ቆሻሻው ውሃ ውስጥ ይወርዳል። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል አይጀመርም፤ ከተጀመረ ክዳኑ እንደ ሸራ ተነፍቶ ሰው ይዞ ይሄዳል። ክሎሪን የጨመርን ቀን ሽታው እስኪወጣ ሳንሸፍን እናቆየዋለን፤ ሕይወት እንዳለችው የታፈነ ክሎሪን ላስቲኩን ይበላዋል። ስንገልጠው ከሥሩ ለብ ያለ እንፋሎት ፊታችን ላይ ይወጣል። ጋሽ አንጁሎ ክርናቸውን ይከታሉ፣ ወደ እኔም ዞር ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የዚያን ዘመን ደስታዬ እሱ ነበር።

ሕይወት ሥራዋን ጨርሳ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር አጥብቃ ነግራን ነበር። «ውሃ ሲታይ ሰው ይጠነቀቃል። ሲሸፈን ግን መሬት ይመስላል። አጥር ይሠራ።» አቶ ሸምሱ፣ «አጥር ፎቶ ያበላሻል፤ ለማንኛውም መስቀል ይለፍና እናያለን» አሉ። እኛም መስቀል እስኪያልፍ ጠበቅን።

መስቀል በጋሞ ምን እንደሆነ ለአገሬው አልናገርም። ኩሳና ጓደኞቹ በማኅበር ትልቅ ቀይ በሬ ገዝተው ነበር። ግቢያችን ሣር ስላለው እዚያ አሳድረውታል። በበዓሉ ጠዋት እንግዳ ሁሉ ጭፈራ ሊያይ ወደ አደባባይ ወጥቷል፤ ስለዚህ ገንዳውን አልገለጥነውም። ዝናቡና ነፋሱ ቅጠልና ሣር አልብሰውት ነበር። ጋሽ አንጁሎ አዲስ፣ የዶርዜ ሽመና የሆነ ዱንጉዛ ሱሪያቸውን ለብሰው፣ እኔም ተቀባብቼ፣ በጋሞኛ የበዓሉን ሰላምታ «ዮ ማስቃላ!» እየተባባልን ቆመናል። ኩሳ በሬውን ሊያወጣ ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞ መጣ።

በሬው ሣር ያለበትን አየና ወደዚያው ሄደ። እኛ አየነው፤ ለመጮህ አፋችንን ስንከፍት ሁለት እግሩ ክዳኑ ላይ ነው። መሬቱ ከሥሩ ጎደጎደ። በሬው ገባ። ገመዱ ኩሳን እንደ ጨርቅ አንሥቶ ይዞት ገባ።

ኩሳ ዋና አይችልም። ጋሽ አንጁሎ ሱሪያቸውን እንደለበሱ ዘለሉ። ገንዳ ውስጥ ሲገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሁልጊዜ፣ «አዞ የሌለበት ውሃ ሰው ያሰንፋል» ስለሚሉ ዋና የሚያስታውሱ አይመስለኝም ነበር። ገመዱን ከኩሳ እጅ ፈቱት፣ ሰውየውን ከሥር ገፍተው ወደ ዳር አወጡት፣ በሬውን ሊወስዱ የመጡት የማኅበሩ ጓደኞቹ በኮቱ ጎትተው አወጡት። በሬው ግን እየተወራጨ ክዳኑን ወደ ራሱ ሰበሰበው። ክዳኑ ጋሽ አንጁሎ ላይ መጣ። እሳቸው ከሥር ቀሩ።

ወንዶቹ ክዳኑን ከዳር ይዘው ይጎትቱ ጀመር። በጎተቱት ቁጥር ይወጠራል፣ ውሃው ላይ ይጣበቃል። ላስቲኩን ከሥር የሚገፋ እጅ አየሁ። አምስቱንም ጣት አየኋቸው።

«አትጎትቱ! ልቀቁት!» ብዬ ጮህኩ።

ጫማዬን ማውለቄን አላስታውስም። በደረጃው በኩል ገባሁ። ውሃው ደረቴ ድረስ መጣ። የመገጣጠሚያውን ጫፍ በጥርሴም በጥፍሬም ያዝኩትና ወደ ላይ ላጥኩት። በጋውን ሙሉ የገጠምኩት ነገር በአንድ ትንፋሽ ተከፈተ። ከመካከሉ የጋሽ አንጁሎ ራስ ብቅ አለ። ዓይናቸው ቀልቷል። ሳሉ፣ ውሃ ተፉ፣ ደግመው ሳሉ። ያቀፍኳቸው ይመስለኛል። መጀመሪያ የተናገሩት፣

«በሬውስ?» የሚል ነበር።

በሬው እሱ ራሱ መልስ ሰጠ። በአጠገቤ አልፎ፣ ደረጃውን እንደ ጨዋ እንግዳ አንድ በአንድ ወጥቶ፣ የክዳኑን ግማሽ ከቀንዱ እስከ ጭራው እንደ ካባ ደርቦ በበሩ ወጣ። ቁልቁል ወደ መንገዱ ሲሮጥ እግሩ የረገጠው ፊኛ ሁሉ ጧ ጧ ጧ ይላል። በዓል ያከብር የነበረው ሕዝብ ርችት መስሎት አጨበጨበ።

የበሬው ነገር ለብቻው ጣጣ ሆነ። ክሎሪን የጠጣ በሬ ጥሬ ሥጋው ይበላል አይበላም ተብሎ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አንዱ፣ «ይልቅስ ከኛ ሆድ ሁሉ የጸዳው እሱ ነው» አሉ። ማኅበሩ ግን እምቢ አለ። አቶ ሸምሱ ሌላ በሬ ገዙላቸው። «ለመስቀል ሁለት በሬ ያሳረደ እስላም እኔ ብቻ ነኝ» እያሉ ለዓመታት አወሩት፤ የመጀመሪያው በሬ ሳይታረድ በእርሻቸው እንዳረጀ ግን አይጨምሩም።

ያን ዕለት ግን አልቀለዱም። ከሲቀላ ሲደርሱ የተላጠውን ክዳን አይተው ገንዳው ዳር ተቀመጡ።

«ሰው ሊሞትብኝ ነበር» አሉ። «ለፎቶ ብዬ። ነገ አፈር አምጡና ይደፈን።»

ጋሽ አንጁሎ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ምድጃ አጠገብ ነበሩ። ከዚያው ሆነው፣

«ገንዳው ምን አጠፋች?» አሉ። «ያጠፋነው እኛ ነን፣ ኢንጂነር ነግሮን ነበር። አጥር እንሥራ። ዘነበች ደግሞ ሌላ ልብስ ይሥራላት።»

አጥሩ በዚያው ሳምንት በቀርከሃ ተሠራ፤ ፎቶውንም አላበላሸም፤ እንዲያውም ፈረንጆቹ አጥሩን ነበር የሚያነሡት። እኔም አዲስ ክዳን ገጠምኩ፣ ዙሪያውን ቀይ ጨርቅ አደረግሁበት። የጋሽ አንጁሎ ሳል ግን አልለቅ አለ። ጉልበታቸውም ታመመ። ሐኪሙ ከብርድ ይራቁ ስላላቸው ጫኖ ልጃቸው ጋ ወረዱ። ገንዳው ለእኔ ቀረ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተሻሻለ፣ እንግዳ በዛ፣ የፋብሪካ ክዳንም መጣልን፤ ያን ጊዜ አቶ ሸምሱ ስልኩን ለእኔ ሰጥተው፣ «አንቺ እዘዢ፣ እኔ አፌን አላምነውም» አሉ። ሕይወት አዲስ አበባ ገብታ ትልቅ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ለመስቀል ሳትደውልልኝ አታልፍም።

ጡረታ ልወጣ አካባቢ የጋሽ አንጁሎ ልጅ ደወለችልኝ። ጉልበታቸው አብጦ ከአልጋ መውረድ አቅቷቸዋል። ለአቶ ሸምሱ ስነግራቸው፣ «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ለብ ያለ ውሃ አይደል ያለን?» ብለው በራሳቸው ፒካፕ ሊያመጧቸው ጫኖ ወረዱ። እሳቸውም አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

ከሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ እንግዳ ሳይኖር አመጧቸው። ክዳኑን ገልጬ ቆየሁ። ኩሳና እኔ በግራና በቀኝ ደግፈን በደረጃው አወረድናቸው። ጋሽ አንጁሎ መጀመሪያ ተቆጡ፤ «እኔ ሕፃን ነኝ? ወይስ ፈረንጅ ነኝ?» አሉ። ውሃው እስከ ወገባቸው ሲመጣ ቁጣውን ተዉት። መጨረሻው ደረጃ ላይ አስቀመጥናቸው። አንገታቸው ብቻ ቀረ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ያበጠ ጉልበታቸው ቀስ ብሎ ከሥር ተንሳፈፈ።

በጣም ቆዩ። ፈራሁ።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ዕድሜ ልኩን እንደ ተታለለ ሰው ባለ ድምፅ፣

«ዘነበች፣ ያን ሁሉ ዘመን ይሄን ነገር ለእንግዳ ብቻ ነው እንዴ ስንሰጥ የኖርነው?» አሉኝ።

ቀና ስል አቶ ሸምሱ ምርኩዛቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ ገንዳው ዳር ተቀምጠው ጫማቸውን እየፈቱ ነበር።